የአክሲዮን ዋጋ መዝገብና የዘመን አቈጣጠራችን

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት በይፋ በተከፈተ ጊዜ፥ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያዩበት ማኅበር እንደ ነበረና ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ እንደ ቀረ ለሚያስታውሱ ሽማግሌዎች፥ ይህ የተመለሰ ነገር እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው መዝገቡ ነው፤ ዛሬ የአክሲዮን ዋጋ የሚጻፈው ሰው ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተርም እንዲያነበው ነውና።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም አንሥቶ በስተ ምሥራቅ የአይሲቲ ፓርክ እስካለበት እስከ ጎሮ ድረስ፥ ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ፓይተን የተባለውን ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች በየካፌው ይታያሉ። መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ይህን ጥበብ ለማስተማር ጀምሯል። በፓይተን የሚሠራውን ፓንዳስ የሚባለውን መሣሪያ፥ ዌስ ማኪኒ የተባለ አሜሪካዊ በ2008 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው የገንዘብ ገበያን ቍጥር ለመመርመር ነበር። በእርሱ አንድ ተማሪ በጥቂት መስመር ትእዛዝ የአንድ ዓመት ዋጋ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብቶ፥ መውጣትና መውረዱን በሥዕል ያሳያል። ነገር ግን ልጆቻችን የሚለማመዱት በኒው ዮርክ በሚሸጠው በአፕል ኩባንያ አክሲዮን ነው። ይህም የራሳቸውን አገር ንቀው አይደለም፤ የዚያ መዝገብ ተራው የተስተካከለ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ የተማሪዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ እናስታውስ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ሆኖ በ2017 ዓ.ም. ሲሸጥ፥ ከ47 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ። ከእነዚህ የሚበዙት ከዚያ በፊት የአክሲዮን ዋጋ ሲሣል አይተው የሚያውቁ አይመስለንም። ቀድሞ የባንክ አክሲዮን ዋጋ የሚታወቀው በጋዜጣ በሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ወይም ከወዳጅ በመጠየቅ ነበር፤ ስለዚህም የቸገረው ጡረተኛ ወሬውን ቀድሞ ለሰማ ሰው በርካሽ ይሸጥ ነበር። መዝገቡ ለሁሉ የሚነበብ ካልሆነ፥ ያው ጡረተኛ በአዲሱም ገበያ ያንኑ ጉዳት ያገኘዋል፤ የሚያሰላው ሰው ሌላ ይሆናልና።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ገበያው የተከፈተበትን ቀን በእኛ አቈጣጠር 2/5/2017 ብለን ብንጽፍ፥ ኮምፒዩተሩ ጥርን አያውቅም፤ ፌብሩዋሪ 5 ወይም ሜይ 2 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ፥ ገበያው ገና ካልነበረበት ዘመን ያስገባዋል። ጥቅምት 30ን ቢያነብ፥ የፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እንቢ ይላል። ይህ እንኳ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ይታያልና። የሚያስፈራው ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 (3/13/2017) ማርች 13 ተብሎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይነበባል፤ የዓመቱ መጨረሻ ሽያጭ በዓመቱ መካከል ተሥሎ ይገኛል፤ ሥዕሉንም ያየ ሰው አንዳች አይጠረጥርም።

ስለዚህ የአንዱ ቀን ዋጋ በሁለት ዐምድ፥ በእኛም በፈረንጆችም ቀን፥ የፈረንጆቹም ዓመቱ ቀድሞ ወሩ ተከትሎ ቢጻፍ ይገባል። ሽያጭ ያልነበረበት ቀን ባዶ ይሁን እንጂ ዜሮ አይጻፍበት፤ ዜሮ ከተጻፈ ባንኩ በአንድ ቀን የጠፋ ይመስላልና። እንዲሁም የ1 ሺህ ብር አክሲዮን በ100 ብር ወደ ዐሥር ሲከፈል በመዝገቡ ካልተገለጸ፥ ባለቤቱ ምንም ሳይጐድልበት መስመሩ ወደ ዐሥረኛው እጅ ይወድቃል።

የቀኑን ልወጣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ 7 ዓመት፥ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ግን 8 ዓመት ነው፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ይህ ለውጥ በታኅሣሥ 22 ይሆናል። ይህን ሥርዐት አንድ የቦሌ ወጣት ከአንድ የቅኔ ቤት ሊቅ ጋር ተቀምጦ በፓይተን ሊጽፈው ይችላል፤ ገበያውም መርምሮ ቢቀበለው ለሁሉ ያገለግላል። የጻፉትንም በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ይፈትኑት፤ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነውና፥ መልሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. መሆን አለበት።