ቤት ከመሠረቱ ይጠገን

በሐምሌ ወር 1980 ዓ.ም. መጨረሻ በካርቱም ከተማ በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ ይህም ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ጃሉስ ከሚባሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። ከጎርፍ በኋላ ቤቱን የሚያድስ ሰው በሕንፃ መሣሪያ ገበያነቱ ታውቆ ወደ ኖረው ወደ ሳጃና ሲሄድ አስቀድሞ ቆርቆሮና ቀለም ቢያማርጥ አይፈረድበትም፤ ዓይን የሚያርፈው በጣራና በግድግዳ ላይ ነውና። እኔ ግን ገንዘቡ በቅድሚያ ለመሠረቱ ይዋል እላለሁ። የጭቃን ግድግዳ ይልቁንም የሚጥለው ከሥሩ የሚተኛው ውሃ ነው፤ የታችኛው ጭቃ ርሶ ሲላላ የላይኛውን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የሸክላ ጡብና የሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቁም። የውሃ መውረጃውንም ቦይ መንደሩ በኅብረት ይቆፍር፤ ለብቻው የቆፈረ ሰው ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ይሰዳልና። እበት የተቀላቀለበት ምርጊት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ሥራ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይታደስ።