ድንጋዩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ገንዘብ አይላክ

የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ምን ያህል እንደናረ የምንሰማው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለትም 31 ግራም ያህል፣ 3,000 ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ 4,000 ዶላርን ተሻገረ። ኢትዮጵያም በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀች በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በእጅጉ ጨመረ። በሐምሌ 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመትም አገሪቱ ከወርቅ ወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች።

ይህ ዜና እስራኤል ያለነውንም ይመለከታል። ወርቅ ሲወደድ አካፋና ገበቴ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው ሰው ይበዛል። ቆፋሪው ሲበዛ ደግሞ ከወርቁ ጋር ምንነታቸው ያልታወቀ ድንጋዮች ይወጣሉ። ፎቶግራፋቸው በስልክ ወደዚህ ይላካል። «ወርቅ ነው፣ ኤመራልድ ነው፣ ገንዘብ ላኩና አብረን እንጠቀም» ይባላል። ለማሽካንታ ወይም ለልጅ ሠርግ የተቀመጠ ገንዘብ የሚወጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ድንጋዩን የሚያቀርብልን ዘመድ ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ እርሱም የያዘውን አያውቀውም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆፋሪው ስለማያውቅ ዋጋ ያለውን በርካሽ ይሸጣል፣ ወይም ይጥለዋል። እኛ ስለማናውቅ ዋጋ የሌለውን በውድ እንገዛለን። የሚጠቀመው ዕውቀቱና መመርመሪያ መሣሪያው ያለው በመሐል የቆመ ነጋዴ ነው።

የኢትዮጵያ ምድር በእርግጥ ብዙ ዓይነት ማዕድን አለው። በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ ከለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ሌላ፣ ከ2016 ጀምሮ በዓለም ገበያ የታወቀው ኤመራልድ ይገኛል። እዚያው አካባቢ ቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን አለ። በወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም፣ በወሎ ወገል ጤና ደግሞ በ2008 የተገኘው ኦፓል አለ። ስለዚህ «የኛ አገር ድንጋይ ውሸት ነው» ማለት እንደማያዋጣ ሁሉ፣ «ያበራል፣ እንግዲያው ወርቅ ነው» ማለትም አያዋጣም።

ወርቅ መስሎ ብዙ ሰው የሚያታልለው ፓይራይት የተባለው የብረትና የድኝ ውህድ ነው። ሁለተኛው ማይካ የሚባለው፣ በአሸዋ ውስጥ እንደ ወርቅ ፍንጣሪ የሚያብለጨልጨው ነው። በገበቴ ግርጌ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ያለበት ማግኔታይት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት አጥብቆ የማይስበው ከባድ ጥቁር ድንጋይ ግን ሌላ ማዕድን፣ ለምሳሌ ታንታለም ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር ባይጣል ይሻላል።

አባቶቻችን በጎንደር ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ሲኖሩ ብረትን በክብደቱ፣ በእሳትና በመዶሻ ይለዩት ነበር። ወርቅን መለየትም የሚጀምረው ከክብደትና ከመዶሻ ነው። አንድ ሊትር ዕቃ የሚሞላ ንጹሕ ወርቅ 19 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያንኑ ዕቃ የሚሞላ ፓይራይት 5 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ዘመዶቻችን እዚያው፣ እኛ በስልክ እያየን ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

መጀመሪያ ድንጋዩ ብቻውን ይመዘን። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለስ። ድንጋዩ በክር ታስሮ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይግባ። የድንጋዩ ክብደት ሚዛኑ በሚያሳየው ቁጥር ይካፈል። 40 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ሚዛኑን 8 ካስነበበ ውጤቱ 5 ነው፤ ወርቅ አይደለም። ንጹሕ ወርቅ ቢሆን 2 ብቻ ያስነብብ ነበር። ለትንሽ ድንጋይ የግራምን ክፍልፋይ የሚያሳይ ሚዛን ያስፈልጋል። ወርቁ ከነጭ ድንጋይ ጋር የተጣበቀ ከሆነም ይህ ዘዴ አይሠራም። ኦፓልን ደግሞ በዚህ መንገድ አትፈትኑ። የወሎ ኦፓል ውሃ ስለሚመጥ መልኩ ይለወጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ትንሽ ፍንጣሪ መምታት ነው። ወርቅ ይጠፈጠፋል፤ ፓይራይት ይደቅቃል፤ ማይካ እንደ ስስ ቅጠል ይላጣል። ሦስተኛው ድንጋዩን ያልተለበጠ የሴራሚክ ጀርባ ላይ መፈተግ ነው። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፣ ፓይራይት ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር። እነዚህ ፈተናዎች ወርቅ ያልሆነውን ለማስወጣት ይጠቅማሉ እንጂ የወርቁን ጥራትና ዋጋ አይነግሩም።

ከዚህ በላይ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እዚሁ አገራችን በካርሜል ተራራ አካባቢ የተገኘውና በ2018 እንደ አዲስ ማዕድን የታወቀው ካርሜልታዛይት በዓይን የማይለይ ቅንጣት ስለሆነ የተለየው በመሣሪያ ነው። የተማሩ ሰዎች በዓይናቸው ካልፈረዱ እኛ በስልክ ፎቶግራፍ እንዴት እንፈርዳለን?

ያለማወቅ ጉዳት በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ሰዎች በውስጡ ብዙ እርሳስ ያለበትን ድንጋይ ወርቅ ለማውጣት በየቤታቸው ፈጩ። በአቧራው ተመርዘው ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ድንጋዩን ከወርቁ በቀር ምን እንዳለበት የጠየቀ አልነበረም። ወርቁን ለመሰብሰብ የሚጠቀሙበት ሜርኩሪም ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። እንግዲያው ዘመዶቻችንን «ስንት ግራም አገኛችሁ?» ስንል «የት ነው የምትፈጩት? ልጆቹስ የት ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። ድንጋይ ከቤትና ከልጆች ርቆ ይፈጭ፤ የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይግባ፤ ምንነቱ ያልታወቀ ድንጋይ እሳት ላይ አይደረግ።

ስለ ገንዘቡም ቤተሰብ ቁጭ ብሎ አንድ ሥርዓት ቢያወጣ መልካም ነው። ከምርመራ በፊት ቀብድ አይላክ። የምርመራውን ወጪ ሻጩ ይቻል፤ ዘመድ ከሆነና አቅም ከሌለው የምርመራውን ብቻ እኛ እንክፈል። የከበረ ድንጋይ የምስክር ወረቀት ክብደቱን፣ መጠኑንና ቁጥሩን የያዘ መሆን አለበት፤ ቁጥሩንም ወረቀቱን ከሰጠው ላቦራቶሪ ራሳችን እናጣራ። እዚህ በራማት ጋን የአልማዝ ገበያ፣ በአዲስ አበባም በመንግሥት የጂኦሎጂ ተቋም ላቦራቶሪ አለ። ወርቅን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ወንጀል መሆኑም አይዘንጋ። «በሻንጣ ይዘን እንመጣለን» የሚል ውል ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሰውን ለእስር ይዳርጋል።

ዘመድን መርዳት ባህላችን ነው፤ ይቀጥልም። ነገር ግን ዘመድ ድንጋዩን እንዲያስመረምር የሚላክ ጥቂት ገንዘብ፣ ላልታወቀ ድንጋይ ከሚላክ ብዙ ገንዘብ ይልቅ እርሱንም እኛንም ይጠቅማል። ድንጋዩ ዋጋ ያለው ሆኖ ቢገኝ በርካሽ አይወሰድበትም፤ ዋጋ ከሌለውም የእኛ ቤት አይጎዳም።