በ20 ፊደላት የሚቀመጥ ጨዋታ

ለዓመታት ከተጫወትኋቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ሁሉ የማስበልጠው እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን የወጣውን «ድራጎን ኩዌስት» ነው። ተጫዋቹ የጀግናን ሚና ይዞ አገር ለአገር እየዞረ አቅሙን ያሳድጋል። የሥዕሉ ድህነት ግልጽ ነው፤ የማደንቀው ሌላውን ነው። ካርትሪጁ ውጤትን ይዞ የሚያቆይበት ስፍራ ስላልነበረው፣ የጀግናውን ስም፣ ወርቅና ልምድ ወደ 20 የጃፓን ፊደላት ለውጦ ያሳያል። ተጫዋቹ በደብተሩ ይገለብጣቸዋል፤ በሌላ ቀን ሲያስገባቸው ካቆመበት ይቀጥላል። በግልበጣው አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ግን አይከፈትለትም (የስንቱ ልጅ ድካም እንዲህ ቀልጦ ይሆን!)።

ስሌቱን እንመልከት። በጥቅም ላይ የዋሉት ፊደላት 64 ዓይነት ስለሆኑ እያንዳንዷ 6 ቢት ትይዛለች፤ ሃያዎቹ በድምሩ 120 ቢት ይሆናሉ። የእኛ ገበታ 231 ፊደላት አሉት፤ አንዷ ፊደል 7.85 ቢት ገደማ ስለምትሸከም ያው መረጃ በ16 ፊደላት ይጠቃለላል። ሞክሼዎቹ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነዘሮቻቸው ቢወጡ እንኳ በቀሩት 196 ፊደላት ውጤቱ ያው 16 ነው።

ይህ ለአብርሃ ጅራ ተማሪ የትርፍ ጊዜ ወግ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ያለ ሰርቨር የማይከፈቱ ዘመናዊ ጨዋታዎች የተጫዋቹን የወራት ድካም ይዘው ተዘግተዋል። በእኔ አስተያየት የተጫዋቹ ውጤት በእጁ መቅረት አለበት። ከተማሪዎቻችን አንዱ በቆላው የሰሊጥ አጨዳ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ቢሠራ፣ አብርሃ ጅራ ላይ የተጀመረውን መተማ ያለ ጓደኛ 16 ፊደላት በስልክ ተነግሮት ሊቀጥለው ይችላል፤ ሞክሼዎቹን ማውጣት የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው።