በመጀመሪያው ማጣሪያ ስለ ቀሩት ሯጭ

በአዋሳ፥ አዲስ ከተማ በሚባለው ክፍል የሚኖሩ አንድ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት አዝነው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ በተማሪ ቤቱ የመቶ ሜትር ሩጫ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ቀረ። እኔም የሩጫ ጫማህን ለጎረቤት ልጅ ስጥና መጽሐፍህን ያዝ አልሁት» አሉኝ። ልጁ ካባቱ ቃል አልወጣም፤ ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ እህልም ጨዋታም ሳያምረው ሰነበተ። ይህም ነገር ከዚህ በታች የምጽፈውን አሳሰበኝ።

አዋሳ በተቈረቈረችበት በ1952 ዓ.ም. በሮማ የኦሎምፒክ ጨዋታ ተደረገ። ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ እንደ ፈጸመ የማያውቅ ሰው የለም። ከዚያው ቡድን ውስጥ አቶ ንጉሤ ሮባ የሚባሉ የመቶ ሜትር ሯጭ እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እሳቸው በማጣሪያው ቀሩ፤ ድሉም በ10.2 ሴኮንድ ለሮጠው ለጀርመናዊው ለአርሚን ሃሪ ሆነ። የመቶ ሜትር ነገር ጨካኝ ነው። ማራቶን የሚሮጥ ሰው ቢሳሳት ስሕተቱን ለማረም ከሁለት ሰዓት የበለጠ ጊዜ አለው፤ የመቶ ሜትር ሯጭ ግን ትንፋሹን ሳይመልስ ፍርዱ ይነበብለታል፥ ይግባኝም የለውም።

አቶ ንጉሤ ስለዚህ ከሜዳው አልራቁም። አሠልጣኝ ሆነው የኢትዮጵያን ሯጮች ብዙ ዘመን አስተማሩ። ይህም ሥራ ከሩጫው ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበረ፤ ደቀ መዝሙር ለአራት ዓመት ተዘጋጅቶ የጨዋታው ቀን ሲደርስ አትሄድም የሚባልበት ጊዜ ነበረና። በ1968 ዓ.ም. ወደ ሞንትሪያል፥ በ1976 ወደ ሎስ አንጀለስ፥ በ1981 መባቻም ወደ ሴኡል ኢትዮጵያ ሯጮቿን አልላከችም። የሞንትሪያሉስ የኒው ዚላንድ ኳስ ተጫዋቾች በዘር መድልዎ ወደምትገዛው ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለ ሄዱ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት የተቃወሙበት ነው። ምክንያቱ ማለፊያ ነበረ፤ ይሁን እንጂ የሯጭ ዕድሜ ምክንያት አይጠብቅም።

በመካከሉ የተገኘው ዕድል በ1972 ዓ.ም. የሞስኮው ነበረ። ምሩጽ ይፍጠር ሐምሌ 20 ቀን 10 ሺህ ሜትሩን፥ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5 ሺህ ሜትሩን አሸንፎ ሁለት ወርቅ አገኘ። ከባልንጀሮቹ ጋራ ረግቶ ሲሮጥ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ድንገት ስለሚፈተለክ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። የአሠልጣኙን የጥንት ሙያ ሳስብ ይህ አይደንቀኝም።

የምሩጽን ድል በራዲዮ ከሰሙት አንዱ በአሰላ አካባቢ የሚኖር የሰባት ዓመት የገበሬ ልጅ ነበረ። አባቱ ሩጫን ሥራ ፈትነት አድርገው ስለሚቈጥሩት አይወዱለትም ነበር። ይህ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 መስከረም ደግሞ በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። በሩጫ ያገኘውንም ገንዘብ በልማት ሥራ ላይ አዋለው፤ በአዋሳ ሐይቅ ዳር የሠራውን ሆቴል ወዳጄ በየሰንበቱ በአጠገቡ ያልፉበታል፥ ከሰፈራቸውም ወጣቶች እንጀራቸውን በዚያ የሚያገኙ አሉ።

ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ወዳጄ በትራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ ብዙ ዝም ብለው፥ «ጫማው ግን ተሰጥቷል» አሉ። «ያስመልሱታላ!» ብላቸው ተቈጡኝ። «የተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል? ያም ልጅ ይሩጥበት። ቅዳሜ ከልጄ ጋራ ገበያ እወጣለሁ።»