ወስፌው የቆመበት ዙር

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ስፌት ተሰቅሏል። ከመሃል የጀመሩት ዙሮች ቀለማቸው ለቋል፤ ወደ ጠርዙ ያሉት ደማቅ ቀይ ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ወስፌውን እንደሰካሁ ተውኩት፤ መልሼ ያነሳሁት ትንሹ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። አክርማውን ውኃ ነክሬ ስቀመጥ እጄ ሙያውን አልረሳም ነበር።

ሥራ ፍለጋ የወጣሁትም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ኃላፊ ማስረጃዬን እያገላበጡ «እነዚህን ሰባት ዓመታት ምን ሲሠሩ ነበር?» አሉኝ። «ቤት ነበርኩ» አልኩ፣ ጥፋት እንዳለበት ሰው አንገቴን ደፍቼ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ከዚያ ወዲያ ያለው የቤተሰብ ጣጣ ነው። አያት ካለች አያት፣ አቅም ካለ ሞግዚት፤ ሁለቱም ከሌሉ ደመወዟን የምትተወው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት።

ይህ እትም ልጅ አሳድገው ወደ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ታሪክ ነው። በልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ካገኘው መኪና ግርግር እስከ ሸዋ በር ገበያ፣ ከባንክ መስኮት እስከ መማሪያ ክፍል ያሉ እናቶችን አነጋግረናል፤ ልጆቹን ቤት ውሎ ያሳደገ አንድ አባትም አለበት።

ስፌቱን ጨርሼዋለሁ። የቀለሙን ድንበር ግን ልሸፍነው አልሞከርኩም።

መልካም ንባብ!

አዘጋጇ