ነጂ የሚለው ስም የተሸከመው አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዕለቱ ከምንጠራቸው የሥራ ስሞች አንዱን ለጥቂት ጊዜ ቆም ብለን እንመርምር፤ «ነጂ» የሚለውን። ዛሬ ይህን ቃል የሰማ ሰው ቀድሞ በዓይኑ የሚመጣበት መኪና ነው። ቃሉ ግን ከመኪና እጅግ ይቀድማል። በግእዝ «ነድአ» ማለት ከብትን ከፊት አስቀድሞ ከኋላ እየተከተሉ ማስኬድ ነው። በአማርኛ «ነዳ» ሆነ፤ ከ«ወደደ» «ወዳጅ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ነዳ» ደግሞ «ነጂ» ወጣ። እረኛ መንጋውን አሰማርቶ ማታ ወደ በረቱ ይመልሳል፤ ነጂ ግን መንገደኛ ነው። በቅሎ ነጂ፣ አህያ ነጂ፣ ከብት ነጂ እየተባለ የሲራራ ነጋዴውን ጭነት፣ የባለ ሀብቱን ሰንጋ ከአገር ወደ አገር የሚያደርስ ሰው ነበር። የሚነዳው ብዙ ጊዜ የራሱ አልነበረም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሪያው አደራ ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ ገቡ። ከጊዜ በኋላም ሕዝቡ የቀድሞውን የከብት ነጂ ስም ለመኪናው ሰው አወረሰው። ከፈረንሳይኛ የተዋስነው «ሾፌር» በመነሻው እሳት አንድዶ የሚያሞቅ ማለት ነው፤ «አሽከርካሪ» ደግሞ መንኰራኵርን ከማዞር የመጣ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ማሽኑ ነው። «ነጂ» ግን ነፍስ ካለው ፍጥረት ጋር የተወለደ ስም ነው። ዛሬ «መንጃ ፈቃድ» ብለን ስንጠራ እንኳ ሳናስተውለው ከመንጋ ኋላ የሚሄደውን ሰው ቃል እየጠራን ነው።

ይህ አሮጌና አዲስ ትርጉም በአንድ ሥፍራ ተገናኝቶ ማየት የሚወድ ሰው ወደ ሚሌ ይውረድ። ከአዋሽ በገዋኔ የሚመጣውና ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ በዚያ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ከዚያም በሎግያና በሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይቀጥላል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል በዚህ አቅጣጫ ይመላለሳል። የጭነት መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይተላለፋሉ። በዚሁ አስፋልት ላይ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን፣ ፍየሉንና ላሙን ይዞ ወደ ውኃና ወደ ሣር ይሻገራል፤ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያም ከብት ይነዳል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ነጂዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከመንጋው ኋላ፣ ሌላው ከመሪው ኋላ። ስማቸው አንድ ነው። አረማመዳቸው ግን ለየቅል ነው፤ በሁለቱ መካከልም ብዙ ጊዜ ደም ይፈስሳል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቅዱስ መጽሐፍ መልሱን ይሰጠናል። አባታችን ያዕቆብ ከላባ ዘንድ ሲመለስ ወንድሙ ዔሳው አብረን እንጓዝ ብሎት ነበር። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች እንደ ሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ በጥድፊያ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ ነገረው፤ ስለዚህ እርሱ እንደ ከብቶቹና እንደ ልጆቹ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚከተል አስታወቀ (ዘፍ. 33፥13-14)። የነጂነት ሕግ በአጭሩ ይህ ነው። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው ብርቱው አይደለም፤ የምታጠባው በግና ሕፃኑ ልጅ ናቸው።

ለቀድሞው ነጂ ይህን ሕግ መጠበቅ ግድ ነበር። የደከመ ከብት ይተኛል፤ የጠማው ወደ ውኃ ያዘነብላል፤ ያነከሰው ወደ ኋላ ይቀራል። የበለዓም አህያ ጌታዋ ያላየውን መልአክ አይታ ከመንገድ ፈቀቅ አለች፤ ሦስት ጊዜ ከተመታች በኋላም አፏን ከፍታ ወቀሰችው (ዘኍ. 22)። መኪና ግን አይተኛም፤ መልአክ አይቶም መንገድ አይለቅም። በሌሊት ዓይኑ ለከበደው ሰው «ጌታዬ፣ ደክሞሃልና እንረፍ» አይለውም። ከብቱ ለነጂው ይሰጠው የነበረው ልክ ጠፍቷል፤ ልኩን ዛሬ ኅሊና ካልሰጠ ሌላ የሚሰጥ የለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው፦ ስሙን የወረሰ ሰው ልኩንም መውረስ አለበት።

በመጽሐፈ ነገሥት ኢዩ በሩቅ የታወቀው በፊቱ ሳይሆን በችኰላ አነዳዱ ነው (2ነገ. 9፥20)። ዛሬም በየመንገዱ እንዲህ የሚታወቁ አሉ። እንቅልፍን በጫት አባርሮ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት እንደ ጉብዝና ይቈጠራል። ነገር ግን ነጂውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። «ነጂውንስ የሚነዳው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ዕቃዬ ነገ ካልደረሰ እያለ በስልክ የሚያጣድፈው ባለ ንብረት፣ ተመላልሶ በጫነው መጠን ብቻ የሚከፍለው አሠሪ፣ «ንካው፣ ንካው» የሚለው ተሳፋሪ ሁሉ ከኋላ ሆነው የሚነዱ ናቸው። ከእነርሱም መካከል እሑድ አብረውን የሚያስቀድሱ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስእለት የሚያስገቡ ይኖራሉ። ስእለቱ መልካም ነው፤ ነጂው በሰላም እንዲደርስ አንድ ሌሊት መታገሥ ግን ከስእለቱ ጋር አብሮ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው።

አንዳንድ መምህራን እረኛ ከፊት ይመራል፣ ነጂ ከኋላ ይገፋል በማለት ሁለቱን ያነጻጽራሉ። ቁም ነገር አለው። በታኅሣሥ ወር ከልደት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን «ኖላዊ» ብላ በምታከብረው ሳምንት የምናስበው ቸር ጠባቂ በጎቹን በየስማቸው ጠርቶ በፊታቸው የሚሄድ፣ ነፍሱንም ስለ እነርሱ የሚያኖር ነው (ዮሐ. 10፥3-11)። ነገር ግን ከኋላ መሄድ በራሱ ነቀፋ አይደለም። ያዕቆብ ከኋላ ሄዷል፤ ዳዊትም ለንግሥና የተጠራው በጎችን ከመከተል ነው (2ሳሙ. 7፥8)። ከኋላ ያለ ሰው የደከመውን ያያል። ጌታችን የነቀፈው ተኵላ ሲመጣ የሚሸሸውን፣ በጎቹ የራሱ ስላይደሉ የማይገደውን ምንደኛ ነው (ዮሐ. 10፥12-13)። እንግዲህ ጥያቄው ከፊት ነህ ወይስ ከኋላ ሳይሆን ይገድሃል ወይስ አይገድህም የሚል ነው።

ስለዚህ በመኪና ሥራ የምትተዳደር ወንድሜ ሆይ፣ ረዳትም ሆነህ ነጂ፣ በዚያ በረሃ ግመል ሲሻገር ስታይ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ከግመሉ ኋላ ያለው ሰው በስም ባልደረባህ ነው። በሃይማኖት ባይመስልህ እንኳ በመንገድ ላይ ወድቆ የተገኘው ሰው ባልንጀራ እንደ ሆነ ከደጉ ሳምራዊ ተምረናል (ሉቃ. 10፥30-37)። ድካምህን ለአሠሪህ ለመናገር አትፈር። ጭነት ያለህ ወገኔ፣ ዕቃህን ስትልክ የሰው ነፍስ አብረህ እንደላክህ አስብ፤ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንኳ እንደሚራራ ተጽፏልና (ምሳ. 12፥10)። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት ታናናሾቻችንን የያዝን፣ መዝሙርና ትምህርት ስናስጠና ፈጣኖቹን ብቻ እያየን አንሩጥ፤ ዘግይቶ የመጣውን፣ ንባብ የከበደውን ልጅ ዘወር ብለን እንይ። በነጂነት ሕግ መንጋ ደረሰ የሚባለው የመጨረሻው ሲደርስ ነውና።

ቸሩ እረኛችን መድኃኔ ዓለም በየብስ በባሕር የሚጓዙትን በሰላም ያድርስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።