ማይኩን ለእሷም ስጡ

በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሮችን ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወንዱ ይጠይቃል፣ ይቀልዳል፣ "ትክክል!" ይላል። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ፖስታ ታቀብላለች፣ ሽልማት በትሪ ይዛ ትቆማለች፣ ፈገግ ትላለች። አንዳንዴ ስሟን እንኳ የሚነግረን የለም።

ልጅቷን አልወቅስም። እንጀራዋ ነው፤ ለሰዓታት ቆሞ ፈገግ ማለትም ቀላል አይደለም። የእኔ ጥያቄ ለአዘጋጆቹ ነው።

በዚህ ሥራ ዝነኛዋ አሜሪካዊቷ ቫና ዋይት ናት። "ዊል ኦፍ ፎርቹን" ላይ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊደል ስታገላብጥ ኖራለች። በ1997 ሰሌዳው ኤሌክትሮኒክ ሲሆን የሚገለበጥ ነገር ቀረ፤ እሷ ግን ነካ እያደረገች ቀጠለች። እንግዲህ ሥራው ፊደሉ አልነበረም ማለት ነው፤ እሷን ማየት ነበር። በ2019 አቅራቢው ፓት ሴጃክ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ፕሮግራሙን መራችው። ከ37 ዓመት በኋላ! በ2024 እሱ ሲሰናበት ግን ቦታው የተሰጠው ለሌላ ወንድ፣ ለራያን ሲክረስት ነው።

እንግሊዞቹ "ካውንትዳውን" ላይ ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ካሮል ቮርደርማን ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ትደረድር ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹን ያቃታቸውን ስሌት ሠርታ የምታሳየውም እሷው ነበረች። በ2009 የተተካችው ሬቸል ራይሊም ኦክስፎርድ ሒሳብ የተማረች ናት። ተመልካቹ ጠላ? አልጠላም።

እኛ ዘንድስ? በመንዝ ብርድ፣ ማታ እሳት ዳር፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ "እንቆቅልሽ" የሚሉን እናቶቻችንና አያቶቻችን አይደሉም እንዴ? "ምን አውቅልሽ" እንላለን። ሲያቅተን "አገር ስጠኝ" ይላሉ፤ አገር እንሰጣለን። ጠያቂዋም ዳኛዋም ሴት ናት። ስቱዲዮ ስንገባ ነው ትሪ ያስያዝናት።

መሐል ሜዳና በየወረዳው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ መምህራን ናችሁ። የጥያቄና መልስ ውድድር ስታዘጋጁ ቴሌቪዥኑን አትቅዱ። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣውን ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ አስይዛችሁ ጥግ አታቁሟት። ጥያቄ ታውጣ፣ ሰዓት ትያዝ፣ መልስ ትዳኝ። ትሪውን ወንዶቹም ተራ በተራ ይያዙት፤ አይከብድም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚያቀብል እያየች ነው፤ ነገ እጇን ማውጣት አለማውጣቷ ከዚያ ይጀምራል።

እስቲ በእናንተ ትምህርት ቤት ማይኩን የሚይዘው ማን ነው? ጻፉልኝ።